ስለ ወንድም አፍ መሆን
ኵላሊቱ ለደከመ ሰው ሰጪ ስለ መፈለግ

በሽተኛን መጠየቅ የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ማለት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ መመለስ ብቻ አይደለም። በሽተኛው ስለ ራሱ ሊናገርበት የሚያፍርበት፥ ሌላው አፍ ሊሆንለት የሚገባው ሕመም አለና። ከእነዚህም አንዱ የኵላሊት ድካም ነው።

ኵላሊት ደምን ያጣራል፤ ትርፉንም ውሃ በሽንት ያስወጣል። ሁለቱም ኵላሊቶች ሥራቸውን ሲያቆሙ በሽተኛው በመሣሪያ ደሙን ይታጠባል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እጥበቱ ሕይወትን ያቆያል እንጂ ኵላሊትን አይመልስም። ለሚስማማው ሰው ከዚህ የሚሻለው ከሌላ ሰው የተገኘ ጤነኛ ኵላሊት መተካት ነው። ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በዶክተር ጆሴፍ ሙሬይና በባልደረቦቻቸው እጅ ከአንድ መንታ ወደ ሌላው ተደርጎ ተሳካ፤ ተቀባዩም ስምንት ዓመት ኖረ። በሀገራችንም በዚያው አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ።

እንግዲህ ሕክምናው ካለ የጎደለው ምንድን ነው? የሚናገር ሰው ነው። አንድ የማውቀው የልጆች አባት ሕመሙን ከወንድሞቹ ሰውሮ ለብዙ ወራት ሲታጠብ ኖረ። ስለ ምን እንዳልነገራቸው ብጠይቀው «አባቴ፥ ገንዘብ ቢሆን እበደር ነበር፤ ከሥጋችሁ ቈርሳችሁ ስጡኝ ብዬ በምን አፌ እለምናለሁ?» አለኝ። በፈቃዱ እኔ በነገርኋቸው ጊዜ ታናሽ እኅቱ «እስከ ዛሬ ለምን ተሸሸግን?» ብላ አለቀሰች፤ በማግሥቱም ለምርመራ ሄደች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው።

38 ዓመት በደዌ የኖረው መፃጉዕም ለጌታችን ያመለከተው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ይህንኑ ችግር ተመልክተው እያንዳንዱ በሽተኛ ከወዳጆቹ አንዱን እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጠውም ወዳጅ ስለ ሕመሙና ስለ ሰጪው ዕጣ ተምሮ በበሽተኛው ፈንታ ለዘመድና ለጎረቤት ይናገራል፤ በፌስቡክና በመሰለው ሁሉ ያስታውቃል። ሰው እንዲህ የቆመላቸው በሽተኞች ካልቆመላቸው ይልቅ ለመስጠት የሚቀርብ ሰው አገኙ።

በዕድር፥ በሰንበቴ፥ በጽዋ ማኅበር ወይም በቴሌግራም የሚናገር ሁሉ ግን ሦስት ነገር ይጠብቅ።

መጀመሪያ፥ ያለ በሽተኛው ፈቃድ ስሙንና ሕመሙን አይግለጥ። ደግሞም ማን ሊሰጥ እንደሚችል የየሀገሩ ሕግ ስለሚወስን፥ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ቤቱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፥ እውነቱን ሁሉ ይናገር። ጤነኛ ሰው በአንድ ኵላሊት መኖር ይችላል፤ የቀረውም ሥራውን ያበረታል። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ነውና ከአደጋ ነጻ አይደለም። በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከ10,000 ሰጪዎች አንድ ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ እንደ ሞተ ያሳያል። ስለዚህ የደም ግፊቱ፥ የስኳሩና የኵላሊቱ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ማንም አይቸኵል።

ሦስተኛ፥ አያስገድድ። ይህ በተለይ እኛን ካህናትን ይመለከታል። የንስሐ አባት ኵላሊት መስጠትን ቀኖና አድርጎ ሊያዝ አይገባውም፤ በዐውደ ምሕረትም ቆሞ አንዱን ሰው እያየ ሊናገር አይገባውም። በግድ የተሰጠ ስጦታ ስጦታ አይባልምና። ቀርቦ የተመለሰውን፥ ወይም እንቢ ያለውን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይኑር። ዋጋ የሚጠይቅና ዋጋ የሚከፍልም ከመካከላችን አይገኝ፤ የሰው አካል ሸቀጥ አይደለም።

ወንድሞቼ ሆይ፥ ሁላችን ኵላሊት እንድንሰጥ አልተጠየቅንም፤ የብዙዎቻችን አካልም አይፈቅድም። አፍ ግን ሁላችን አለን። በዚህ ሳምንት በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ፥ ከመነሣታችን በፊት በጸጥታ «ስለ አንተ ለማን ልናገርልህ?» እንበለው። ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከደጃችን ሳይርቅ እናገኛለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።