ከልጅ መግዛት፦ ሽያጩ፣ ዱቤውና ይቅርታው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከረመዷን በፊት ጀመዓችን ባዘጋጀው ባዛር ላይ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ተቀምጣ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ትምህርቷን የምትከታተለው ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ነው። በኪሮሽ የሠራቻቸውን የመጽሐፍ ዕልባቶችና ከዶቃ የሰካቻቸውን ሙሰበሃዎች ይዛ ነበር። እናቷ ከጎኗ ብትሆንም ዋጋ የምትናገረውም መልስ የምትቆጥረውም ልጅቷ ናት። የዚያ ሳምንት የሒሳብ ትምህርቷ ይኸው መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ደብተሯ ላይ ክሩ ስንት እንደተገዛ፣ ከአንድ ጥቅል ስንት ዕልባት እንደወጣ ጽፋ፣ ደምራና አካፍላ፣ ለአንዱ ዕልባት 50 ብር ቆርጣለች።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን ግን የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ነው። «ነገ እከፍላለሁ» ብለን ዕቃ የወሰድን ስድስት ነን። ስማችንን ስለማታውቅ በመልካችን መዝግባናለች፦ «ቀይ ሹራብ የለበሰው ወንድም 50»፣ «መነጽር ያደረገችው እህት 2 ዕልባት»። ሁለት ወር አለፈ፤ የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ወንድማችን ስንጠይቀው «ገንዘብ እንዳልያዝኩ አይታ ይቅር ብላኛለች እኮ» አለ። አልዋሸም፤ ብላዋለች። ጥያቄው፣ ይቅር ማለት ትችላለች ወይ? ነው።

ልጅን በንግድ ማለማመድ በራሱ ነውር የለበትም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ፣ የየቲም አሳዳጊዎች ልጆቹን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ ድረስ እንዲፈትኗቸው፣ ብስለት ካዩባቸውም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው አዟል። እንዴት ይፈተናሉ? በአገራችን በሻፊዒይ መዝሀብ በሚቀራባቸው ሐሪማዎች ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው የኢማም ነወዊይ ሚንሃጅ በዝርዝር ይመልሳል፦ የነጋዴ ልጅ በመግዛት፣ በመሸጥና በዋጋ ክርክር፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ፣ ባለሙያ በሙያው፣ ሴት ልጅ ደግሞ በፈትልና በጥጥ ጉዳይ፣ ምግብን ከድመት በመጠበቅም ጭምር። ድመቷ ላይ ስንደርስ ፈገግ ብለናል። ነገር ግን ዑለማዎቹ ምን ያህል ወደ ቤት ሥራ ወርደው እንዳሰቡ ታሳያለች።

ከሐዲስም፣ አቡ የዕላና ጦበራኒይ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈር እንደ ልጆች ሲሸጥ አገኙትና አላህ በንግዱ በረካ እንዲያደርግለት ዱዓ አደረጉለት። ይህ ልጅ እዚሁ ሀበሻ ምድር የተወለደ ነው፤ የስደተኞቹ የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብና የአስማእ ቢንት ዑመይስ ልጅ። አባቱ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆኗል።

የሽያጩ ውል ይጸናል ወይ በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ ልጁ ዋጋ ይከራከራል፤ ውሉ ላይ ሲደረስ ግን ወሊዩ ነው የሚዋዋለው። በሐነፊይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ ነገር የሚለይ ልጅ በወሊዩ ፈቃድ ቢሸጥ ይሆናል። ነገር መለየት የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በ7 ዓመት ገደማ ነው ይባላል። በገንዘብ ጉዳይ ወሊይ የሚባለው በመጀመሪያ አባት ነው፤ የልጅቷም አባት ፈቅዶ እናቷን ወክሏል። በሚቀጥለው ባዛር የሻፊዒይን አቋም የምንይዝ ሰዎች ከልጅቷ ጋር ዋጋ ጨርሰን «ሸጥኩ፣ ገዛሁ» የሚለውን ከእናቷ ጋር ብንባባል ጣጣ የለውም።

አሁን ወደ ይቅርታው። ሐነፊዮች የልጅን ተግባር በሦስት ይከፍሉታል። ጥቅም ብቻ ያለበት፣ ለምሳሌ ስጦታ መቀበል፣ ያለ ወሊይ ፈቃድም ይጸናል። ጥቅምም ጉዳትም ሊኖረው የሚችል፣ እንደ ሽያጭ ያለው፣ በወሊይ ፈቃድ ይጸናል። ከገንዘቡ ጉድለት ብቻ የሚያመጣው፣ ለምሳሌ ከራሱ ገንዘብ መስጠት ወይም ዕዳ መማር፣ ወሊዩ ቢፈቅድም አይጸናም። ስለዚህ 100 ብር ሰጥታ «መልሱን ተይው» ያለቻት እህት ስጦታዋ ደርሷል። «ይቅር» የተባለው ወንድማችን ግን ዕዳው እንዳለ ነው። እናትየዋም የልጇን ገንዘብ ለሰው መተው አትችልም፤ ከፈለገች ከራሷ ኪስ አውጥታ ለልጇ ትክፈልለት።

«በሻፊዒይ ከሆነ ሽያጩስ መች ጸናና?» ብሎ ሊያመልጥ የሚያስብ ካለም፣ ያልጸና ሽያጭ ዕቃውን የእኛ አያደርገውም። ያኔ ዕልባቱን ከሙስሐፋችን ውስጥ አውጥተን እንመልሳለን፤ ጠፍቶም ከሆነ ግምቱን እንከፍላለን። መክፈል የሚችል ሰው ማዘግየቱ በደል እንደሆነ በቡኻሪይና በሙስሊም የተዘገበውን ሁላችንም ሰምተናል። እያወራን ያለነው ደግሞ ላውንጅ ውስጥ ለአንድ ምሳ ስለምናወጣው ገንዘብ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሁላችን ይልቅ የበቀራ ምዕራፍን 282ኛ አንቀጽ የሠራችበት እርሷ ናት፤ ዕዳ ትንሽም ሆነ ትልቅ ይጻፍ የሚለውን። እኛ ስማችንን እንኳ አልነገርናትም።

ገንዘቡን የጀመዓችን ሒሳብ ያዥ ዘንድ እስከ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ማድረስ ይቻላል። አምስቱን ባለዕዳዎች አንድ በአንድ ስንፈልግ አራቱን ለይተናል። የቀረው «ነጭ ኮፍያ ያደረገው ረጅሙ ወንድም፣ ሙሰበሃ 150» የሚለው ነው። በባዛሩ ቀን ግማሻችን ነጭ ኮፍያ ስላደረግን አንተ ራስህን ታውቃለህና ብቅ በል።

ወላሁ አዕለም።