ወደ ሳንባ የሚገባው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ፣ ዓለም አንድ ስጋት ይዞ ነበር፤ መድኃኒትን ወደ ጉም የሚለውጠው ኔቡላይዘር ቫይረሱን በክፍሉ አየር ሊበትን ይችላል። በመሆኑም በብዙ ሀገራት ለአስም ሕመምተኞች በምትኩ ፓፍ ከስፔሰር ጋር እንዲሰጥ ተመከረ። ስፔሰር ከፓፉ አፍ ጋር የሚገጠም ባዶ መያዣ ነው፤ የተረጨውን መድኃኒት ለአፍታ ይዞ ሕመምተኛው ቀስ ብሎ እንዲስበው ያደርጋል።

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው በመሸንቲና በመሰል ከተሞች ስፔሰር በተፈለገ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የግማሽ ሊትር የውኃ ሃይላንድ ይተካዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የኬፕ ታውን ጥናት እንዳሳየው፣ መገጣጠሚያው በሚገባ የታሸገ ሃይላንድ በአስም ለተያዙ ልጆች ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ ክፍተት ያለው ግን ያንሳል።

ሆኖም ሃይላንዱ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር? ፀረ ተባይ፣ በረኪና ወይም ነዳጅ የተያዘበት ዕቃ ደጋግሞ ቢታጠብም ለዚህ አገልግሎት ፈጽሞ አይውልም። ፕላስቲክ የያዘውን ኬሚካል ይመጥጣል፤ ቆይቶም ይለቃል። ሽታ አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። መገጣጠሚያውን በማስቲሽ ማጣበቅም ትነቱን ለሕፃኑ እንደ መስጠት ነው፤ ከውጭ በኩል በሕክምና ፕላስተር ይታሸግ። ቀዳዳው ሲበጅ የሚቀረው የፕላስቲክ ፍርፋሪም ታጥቦ ይወገድ። ሥራውን የጤና ባለሙያ ቢያከናውነው ይመረጣል።

የፋብሪካ ምርትም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ፊሊፕስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ እንዲሰበሰቡ አስታውቋል፤ ድምፅ ለማፈን የተገጠመው ስፖንጅ እየፈረሰ ብናኙ ወደ ተጠቃሚው እስትንፋስ ሊገባ ይችል ነበርና። በኢትዮጵያ መድኃኒትንና የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፓፍን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መግዛት የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

ስፔሰሩ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በጨርቅ ሳይወለወል በነፋስ ይድረቅ። መወልወል ፕላስቲኩን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል፤ መድኃኒቱም ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በወረርሽኙ ፍራቻ በበረኪና መዘፍዘፍ ግን የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። አንድ ስፔሰር ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከተሰነጠቀ ይጣል።

ሕመምተኛው መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሃይላንድ በመቅደድ ጊዜ አይባክን። በእጅ ያለው ፓፍ እየተሰጠው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።