«እሺ» ከማለታችን በፊት



ስለ ውሳኔ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ትዳር፣ የቤት ሽያጭ ወይም ወደ ውጭ አገር መሄድ ነው። ለእነዚህ ሽማግሌ እንሰበስባለን፣ ዘመድ እናማክራለን፣ ኢስቲኻራ እንሰግዳለን። ይሁን እንጂ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ የሚያናጋው ሁልጊዜ ብዙ የተመከረበት ጉዳይ አይደለም። መንገድ ላይ ቆመን፣ ይሉኝታ ይዞን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምንሰጠው «እሺ» ከዚያ የባሰ ዕዳ ሊያስከትል ይችላል። ለዚህ ዋስትና ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት ወይም የሩቅ ዘመድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ልጁ በገንዘብ ያዥነት ሊቀጠር ነውና ተያዥ አምጣ ተብሏል፤ ወይም እርሱ ራሱ ሊበደር ነው። «ለደንቡ ያህል ነው፣ አንተ ፈርምልኝ ብቻ» ይላል። ተጠያቂው እምቢ ቢል ክፉ የሚባል ይመስለዋል። ስለዚህ ሳያነብ ይፈርማል። ልቡ ሲጠራጠርም «አላህ ያለው አይቀርም» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ሚስቱ ነገሩን የምትሰማው መጥሪያ ቤት ድረስ ሲመጣ ነው።

ዋስ የሆነ ሰው ምን ገባ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ይደነግጋል። ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ባይፈጽም እርሱ ሊፈጽም ለባለገንዘቡ ቃል የሚገባ ሰው ነው። ሕጉ ዋስትና በግምት እንዳይወሰድ፣ በግልጽ እንዲነገርና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ እንዲጠቀስ ያዛል። ልኩ ያልተጠቀሰበት ዋስትና አይጸናም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡ አስቀድሞ የባለዕዳውን ንብረት እንዲጠይቅ ለማሳሰብ ይችላል። ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ዋስ ሆኛለሁ ብሎ የፈረመ ግን፣ በቁጥር 1933 መሠረት፣ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። እንግዲህ ሳናነብ በምናልፋት አንዲት ቃል የተነሳ ሁለተኛ ሳይሆን የመጀመሪያ ተከሳሽ ልንሆን እንችላለን። የከፈለ ዋስ መልሶ ባለዕዳውን የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን መክፈል ካቃተው ሰው ምን ይገኛል?

ዋስትና በኢስላም

ይህን ስንል ዋስትና መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። የተቸገረን ወንድም ማገዝ ትልቅ አጅር አለው። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት በቡኻሪ ሐዲሥ እንደተዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሰግዱበት አንድ ጀናዛ ቀረበላቸው። ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ጠየቁ፤ ሦስት ዲናር አለበት ተባለ። የተወው ንብረት እንዳለም ጠየቁ፤ የለም ተባለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦቹ እንዲሰግዱበት ነግረው ራሳቸው ከመስገድ ታቀቡ። ያን ጊዜ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ወሰዱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰገዱበት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው የዕዳ ክብደት ነው። ሁለተኛው የአቡ ቀታዳ አወሳሰን ነው። የዕዳው ልክ ሦስት ዲናር መሆኑን ያውቃሉ፤ ተበዳሪው እንደማይከፍል ያውቃሉ፤ ማንም ሳይጎተጉታቸው ራሳቸው ሊከፍሉ ተነሱ። በይሉኝታ የሚፈርም ሰው ግን ልኩን አያውቅም፣ መክፈልም አላሰበም። ያደረገው እዝነት ሳይሆን ከሐፍረት መሸሽ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል በቀራህ 2፡282) ስለ ብድር ውል መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑም፣ በገንዘብ ጉዳይ መጠንቀቅ የወንድማማችነት ጉድለት እንዳልሆነ ያስረዳናል።

የዑመር (ረ.ዐ) ምክክር

«አላህ ያለው አይቀርም» የሚለው አባባል እውነት ነው። ላለማሰብ ምክንያት ሲሆን ግን ከቦታው ውጭ ውሏል። ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳዩን ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ናቸው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ፣ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። በመጀመሪያ ቀደምት ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩባቸው። ቀጥሎ አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በሦስተኛ ደረጃ በመካ መከፈት ዘመን የተሰደዱትን የቁረይሽ አዛውንቶች ጠየቁ፤ እነዚህ ሕዝቡን ይዘው እንዲመለሱ በአንድ ቃል መከሩ። ዑመርም (ረ.ዐ) በማግስቱ ጧት እንደሚመለሱ አስታወቁ።

አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠየቁ። ዑመር (ረ.ዐ) ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ መሆኑን መለሱ። ግመሎቹን ይዞ አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ የወረደን ሰው ምሳሌ አቀረቡላቸው፤ በለምለሙም ቢያሰማራ በደረቁም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም እንደከለከሉ ነገሯቸው። ዑመር (ረ.ዐ) አላህን አመስግነው ተመለሱ።

እንግዲህ አስተውሉ! ኸሊፋው መጀመሪያ ባገኙት ሐሳብ አልተጣደፉም፤ የተለያየ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ለየብቻ ሰሙ። ምክሩ ከተሟላ በኋላ ደግሞ አላመነቱም። በቁርኣንም (ኣሊ ዒምራን 3፡159) ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ምክክር፣ ቀጥሎ ቁርጥ ሐሳብ፣ ከዚያ በአላህ ላይ መመካት። ተወኩል የማሰብ ምትክ ሳይሆን የማሰብ ተከታይ ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

ወረቀት ሲቀርብልን የመጀመሪያው መልስ «አንድ ቀን ስጠኝ» ይሁን። አንድ ሌሊት መጠበቅ የማይችል ጉዳይ ከሆነ፣ ጥድፊያው ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል። በዚያች ሌሊት የሚከተሉትን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ልኩ ስንት ነው? እስከ መቼ ነው? ዋስትናው ተራ ነው ወይስ በአንድነት? ወረቀቱን እናንብብ፤ ካልገባን የሚያውቅ ሰው እናስነብብ።

ሁለተኛ፣ ውሉ ምን ዓይነት ነው? ወለድ ያለበት ብድር ከሆነ ነገሩ ከኪሳችን አልፎ ዲናችንን ይነካልና ዓሊም እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ነገ ክፈል ብባል ከምን እከፍላለሁ? ይህ ገንዘብ የልጆች ቀለብና የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሳይመካከሩ የሚፈረም ዋስትና የሌላውን ሐቅ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ ኢስቲኻራ እንስገድ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን በጉዳዮች ሁሉ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ያስተምሯቸው ነበር። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ዱዓ ማድረግ እንጂ ሕልም መጠባበቅ የግድ አይደለም። ሐራም መሆኑ በታወቀ ነገር ላይም ኢስቲኻራ የለም።

መልሱ «አልችልም» ከሆነ በለሰለሰ አንደበት በግልጽ እንናገር። ከማንወጣው ፊርማ ይልቅ በአቅማችን የምንሰጠው ጥቂት መቶ ብር ይሻላል። መልሱ «እሺ» ከሆነ ደግሞ ልኩን አስጽፈን፣ ቅጂውን ይዘን፣ ባለዕዳው መክፈሉን እየተከታተልን በቃላችን እንጽና።

ዋስ የሚጠይቀውም ወገን አደራ አለበት። ጉዳዩን ሳይደብቅ ይንገር፤ ሰው በተሰበሰበበት አፍ አያስይዝ፤ «አልችልም» ላለውም ቂም አይያዝ። በሐፍረት የተገኘ ፊርማ ወዳጅነትን ያፈርሳል፤ በእውቀትና በፈቃድ የተሰጠ ግን ለሁለቱም አጅር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አስበው ከሚወስኑት፣ ወስነውም በእርሱ ከሚመኩት ያድርገን። አሚን።