ዓለቱን የያዘው በረዶ ሲላላ

ጥያቄ፦ የምኖረው ስዊዘርላንድ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከተራራ ናዳ ወረደ ሲባል እሰማለሁ። ያለ ዝናብ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ሙቀቱ ራሱ ይበቃል። በአልፕስ ከፍታዎች፣ በተለይ ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው ሰሜናዊ ገጽ፣ ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚቆይ ዓለት አለ፤ ፐርማፍሮስት ይሉታል። ስንጥቆቹን የሞላው በረዶ ዓለቱን እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ ይይዘዋል። የሚገርመው፣ እስኪቀልጥ እንኳ አይጠብቅም፤ ገና ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከላይ የወረደ ውኃ ስንጥቁ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ዓለቱን ይገፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓው ከባድ ሙቀት ወቅት ከማተርሆርን ተራራ ዓለት ሲገመስ፣ በተጋለጠው ገጽ ላይ በረዶ ታይቷል። በኦገስት 2017 ከፒትስ ቼንጋሎ ተራራ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ዓለት ተንዶ 8 የእግር ተጓዦችን ገደለ፤ ናዳው ያስከተለው የጭቃ ጎርፍ ቦንዶ መንደር ድረስ ዘለቀ። ሁሉንም በፐርማፍሮስት ማሳበብ ግን ልክ አይመስለኝም፤ የዓለቱ አሰነጣጠቅና የገደሉ ቁልቁለትም ድርሻ አላቸው።

ሙቀት ወደ ዓለቱ ሆድ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ከበረደ በኋላም ናዳ ሊመጣ ይችላል። መንገዱ ተዘግቷል የሚል ምልክት ካዩ፣ ቀኑ ብራ ነው ብለው አይለፉት።