«ኖስፈራቱ»፦ አንድ ንጋት በሦስት ፊልም

የቆየ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲመጣ ክርክሩ «የቱ ይበልጣል?» በሚለው ላይ ይቀራል። ለተማሪዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አዲሱ ዳይሬክተር መጨረሻውን ምን አደረገው? ሮበርት ኤገርስ በ2024 ያወጣው «ኖስፈራቱ» ለዚህ ይመቻል፤ ከፊቱ ሁለት ትልልቅ ቀዳሚዎች አሉትና። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያለ ፈቃድ የተወሰደ ታሪክ

የመጀመሪያውን፣ ድምፅ አልባውን ፊልም በ1922 ጀርመን ውስጥ የሠራው ሙርናው ነው። ታሪኩ የብራም ስቶከር ልቦለድ «ድራኩላ» (1897) ነው፤ ፈቃድ ግን አልተጠየቀም። ድራኩላ ካውንት ኦርሎክ፣ ሚና የምትባለው ሴት ደግሞ ኤለን ተባሉ፤ ለንደንም ቀርታ ቪስቦርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ተፈጠረች። ይህ መሸፋፈኛ የደራሲውን መበለት ፍሎረንስ ስቶከርን አላታለላትም። ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ወሰነ። ዛሬ ፊልሙን የምናየው ከውሳኔው ያመለጡ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው።

ፀሐይ የምትገድለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቫምፓየር ብርሃን ካገኘው ይሞታል የሚለው ጥንታዊ እምነት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በስቶከር መጽሐፍ ግን ድራኩላ በቀንም ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። የሚሞተውም በስለት ነው። በብርሃን መሞትን ለሲኒማ ያስተዋወቀው የሙርናው ፊልም ነው፦ ኤለን ኦርሎክን ዶሮ እስኪጮህ ታቆየዋለች፣ ጎሕ ሲቀድ በንኖ ይጠፋል፣ እርሷም ትሞታለች፤ ኦርሎክ ወደ ከተማዋ ያመጣው ወረርሽኝም ያበቃል። ለእኔ ይህ ከመጽሐፉ የተሻለ መጨረሻ ነው። የፊልም መሥሪያው ብርሃን ራሱ ሆኖ ሳለ ጭራቁን በጩቤ መግደል ምን ያደርጋል?

ሄርዞግ መሥዋዕቱን ከንቱ አደረገው

ቨርነር ሄርዞግ በ1979 ሲመጣ የልቦለዱ የቅጂ መብት የሚያሰጋ አልነበረምና ድራኩላን በስሙ ጠራው። ተዋናዩ ክላውስ ኪንስኪ ነው፤ መኖር የሰለቸው፣ የሚያሳዝን ቫምፓየር። እዚህ የኤለንን ቦታ የያዘችው፣ ኢዛቤል አጃኒ የምትጫወታት ሉሲም እስኪነጋ ታቆየዋለች፣ ትሞታለችም። ነገር ግን ቀድሞ የተነከሰው ባሏ በቦታው ይተካና በፈረስ ይጋልባል። ክፋቱ ተረኛ ለወጠ እንጂ አልቆመም። ሄርዞግ ቀልድም አይቀረውም፦ ሐኪሙ ቫን ሄልሲንግ ይታሰር ሲባል በከተማዋ የሚያስረው ሰው ጠፍቷል፣ ሁሉም በወረርሽኙ አልቀዋል።

ኤገርስ ጥያቄውን ወደ ኤለን አዞረው

የ2024ቱ ፊልም የሚከፈተው ብቸኝነት ባስጨነቃት ልጅ ልመና ነው። ኤለን አጽናኝ ትለምናለች፤ የሚመልስላት ኦርሎክ ነው። ይህች አንዲት ለውጥ የኋላውን ሁሉ ትገለብጣለች። የ1922ቷ ኤለን መፍትሔውን ከመጽሐፍ አንብባ ነው የምትፈጽመው፤ የሊሊ ሮዝ ዴፕ ኤለን ግን ራሷ የጠራችውን ነው ራሷ የምትሸኘው። ስለዚህ የመጨረሻው ሌሊት መሥዋዕት ነው? ፍላጎት ነው? ኀፍረት? ፊልሙ ሦስቱንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ብርታቱም እዚህ ነው።

ቢል ስካርስጋርድ የሚጫወተው ኦርሎክ በ1922ቱ ፊልም እንደተጫወተው እንደ ማክስ ሽሬክ መላጣና ባለ አይጥ ጥርስ አይደለም። ሪዛም፣ ሥጋው የበሰበሰ መስፍን ነው፤ ደም የሚጠጣውም ከአንገት ሳይሆን ከደረት ነው። የካሜራው ሰው ጃሪን ብላሽኬ ሌሊቱን ከቀለም አራቁቶታል፤ ስለዚህ ንጋቱ ሲመጣ ዓይን ራሱ ይሰማዋል። ሙርናውም አልተረሳም፤ የኦርሎክ እጅ ጥላ ከተማዋን ሲያለብስ የጥንቱን የደረጃ ላይ ጥላ የሚያስታውስ ነው። (ዊለም ዳፎ ደግሞ በ2000 በወጣ ሌላ ፊልም ራሱን ማክስ ሽሬክን ተጫውቷል፤ እዚህ ግን ቫምፓየሩን የሚያድነው ፕሮፌሰር ነው።)

ቅር የሚለኝ የንግግሩ ብዛት ነው። ምስሉ የነገረንን ፕሮፌሰሩ ደግሞ ያስረዳናል።

መልመጃ

የ2024ቱ ፊልም ለአዋቂ ነው፤ ታናናሾቻችሁን አጠገባችሁ አታስቀምጡ። የሦስቱን የመጨረሻ ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ከዚያ ጻፉ፦ ንጋቱ የማን ድል ነው? በእያንዳንዱ ፊልም ካያችሁት አንድ ነገር፣ አንድ እጅ ወይም አንድ መስኮት ይሁን፣ ማስረጃ ጥቀሱ።