ሕመምተኛን ስለ መጠየቅና ስለ ሕመምተኛ ስለ መጻፍ

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። የማናውቀውን ለማወቅ እንጠይቃለን፤ የታመመውንም ሰው ቤቱ ወይም ሐኪም ቤት ድረስ ሄደን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ጥየቃ መልስ አይፈለግም፤ ጠያቂው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። ጋዜጠኛ ወረርሽኝ ወደ ገባበት አገር ሲሄድ ሁለቱም ጥየቃዎች ባንድ ጊዜ ይወድቁበታል። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሄደ እንደሆነ ምን እንደሚያስከትል፥ በዚህ መጽሔትም ሆነ በሌላ ስፍራ ለመጻፍ ብዕር የምናነሣ ተማሪዎች ብናጠናው ይበጀናል ብለን እናምናለን።

ለጥናታችን የመረጥነው እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2016 ድረስ በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የነበረውን የኢቦላ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ጊዜ ከ28,600 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,300 በላይ ሞተዋል። በሽታው የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው በሚወጣ ደምና ፈሳሽ ስለ ሆነ፥ ይበልጡን የሚይዘው ልጇን ያስታመመችውን እናት፥ ሬሳ ያጠበውን ዘመድና ነርሷን ነበር። እንግዲህ ጋዜጠኛው የሚያነጋግረው ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ባንድነት ይሸከማል፤ ታሞ ነበር፥ ሐዘንተኛ ነው፥ ደግሞም «ያስያዝኳቸው እኔ እሆን?» እያለ ልቡ ይወቅሰዋል። እንዲህ ላለ ሰው «በሽታው ከማን ያዘህ?» ማለት ለጠያቂው ተራ ጥያቄ፥ ለተጠያቂው ግን ክስ ነው። ሐኪሙ ይህን መጠየቅ አለበት፤ ከሕመምተኛው ጋራ የተነካኩትን ፈልጎ የሚያገኘው በዚህ ነውና። የጋዜጣ አንባቢ ግን በዚያ መልስ የሚያድነው ሰው የለም።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አሳዛኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 በጊኒ ደቡብ ምሥራቅ ዎሜ በምትባል መንደር ስለ በሽታው ለማስተማር ከሄዱት መካከል ስምንት ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹም ጋዜጠኞች ነበሩ። ግድያውን የሚያጸድቅ ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ በሽታውን የሚያመጡት እነዚሁ ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ናቸው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገር ነበር። በብዙ ስፍራም ቤተ ዘመድ ሳይሰናበት ሬሳ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወሰድ ስለ ነበር ሕዝቡ ሕመምተኛውንም ሬሳውንም መደበቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ቀብሩ በጥንቃቄም በክብርም እንዲፈጸም፥ ቤተሰቡና የሃይማኖት አባቶችም እንዲገኙበት መመሪያ አወጣ። ሕመምተኛ ሬድዮኑንና ካሜራውን ከፈራ ቤቱን ይዘጋል፤ ቤቱን ሲዘጋ በሽታው ከውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጋዜጠኛው አጠያየቅ ከሕክምናው ሥራ የራቀ አይደለም።

ፈቃድ ስለ መቀበል ብዙ ይነገራል፤ እኛ ግን አልጋ ላይ የተኛ ሰው «እሺ» ቢል ምን ማለቱ እንደ ሆነ መመርመር እንወዳለን። በኢቦላ ሕክምና ጣቢያ የሚገባው ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ ስለሚሸፈን ሐኪሙን ከጽዳት ሠራተኛው መለየት አይቻልም ነበር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 በላይቤሪያ አንዲት አሜሪካዊት አርቲስት ሠራተኞቹ የገዛ ፊታቸውን ፎቶግራፍ በልብሳቸው ላይ እንዲለጥፉ አድርጋለች። የሚያክመውን ሰው ፊት እንኳ የማያይ ሕመምተኛ፥ ማስታወሻ የያዘውን እንግዳ እምቢ ቢል መድኃኒቱ የሚቀርበት ሊመስለው ይችላል። ጋዜጠኛው ከሐኪሙ ወገን አለመሆኑን፥ ቃሉ የት እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ መመለስ እንደማይቻል አስቀድሞ መንገር አለበት፤ ጭውውቱም ሲያልቅ «አሁንም ይጻፍ ይላሉ?» ብሎ እንደገና ይጠይቅ። «ይላሉ» ያልነው በከንቱ አይደለም። ባለሥልጣኑን «እርስዎ» እያሉ፥ ሰሌን ላይ የተኛችውን አሮጊት «አንቺ» የሚሉ ጠያቂዎች ዛሬም ይሰማሉ፤ ይህ ያስቀይመናል።

ስም አለመጻፍም ብቻውን አይበቃም። በአገራችን የኮሮና ሕመምተኛ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሰውየው የውጭ አገር ዜጋ መሆኑ እንደ ተሰማ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ላይ ተሰድበዋል፥ ድንጋይም የተወረወረባቸው ነበሩ። በትንሽ ከተማ ደግሞ ዕድሜ፥ ሥራና የጉዞ ታሪክ አብረው ከተጻፉ ስም ከመጥራት አይለይም። የኢቦላ ስም ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1976 በዛየር በታወቀ ጊዜ የመንደሪቱ የያምቡኩ ስም ለዘላለም እንዳይጎድፍ ብለው ሐኪሞቹ በወንዝ ስም ጠሩት። ማርቡርግ የተባለችው የጀርመን ከተማ ይህ ዕድል አልገጠማትም!

ምስጋናም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳሎሜ ካርዋ የምትባል ላይቤሪያዊት ወላጆቿን በኢቦላ አጥታ፥ ራሷ ታማ ድና፥ ተመልሳ ሕመምተኞችን ስታስታምም ታይም የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 የዓመቱ ሰዎች ካላቸው የኢቦላ ተዋጊዎች መካከል አንዷ አድርጓታል። በ2017 ከወሊድ በኋላ ስትሞት፥ ከኢቦላ የዳነች በመሆኗ የሕክምና ሠራተኞች ሊነኳት ፈርተው ነበር ሲሉ ቤተሰቦቿ ተናግረዋል። መጽሔቱ ነው ለዚህ ያበቃት ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ዓለም ያጨበጨበላት ሴት ከፍርሃቱ አለማምለጧን ስናይ፥ ማንም የማያውቃት የገበሬ ሚስት ፎቶግራፍዋ ሲወጣ ምን ሊገጥማት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ ይልቅ መርዶን እናስብ። በእኛ ባህል ሞት እንደ ማናቸውም ወሬ አይነገርም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስበው፥ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፥ ሐዘንተኛው ቤት ድረስ ሄደው ያረዱታል፤ የሚይዙትና የሚደግፉት ሰዎችም ባጠገቡ ይቆማሉ። የሟቹን ስም ወይም ምስል ቤተሰቡ ሳይሰማ የሚያወጣ ጋዜጠኛ፥ አንዲትን እናት ብቻዋን በሬድዮ አረዳት ማለት ነው። «ዘመዶቹ ሰምተዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከማናቸውም አስቀድሞ ለሐኪም ቤቱ ማቅረብ፥ መልሱ ካልተገኘም ማቆየት ያሻል። ሐዘንተኛውንም «ልጅህ ሲሞት ምን ተሰማህ?» ከማለት «ሰው ምን እንዲያውቅልዎ ይወዳሉ?» ማለት ይሻላል፤ ዝም ካለም ዝምታውን በሌላ ጥያቄ አለመሙላት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ጠብቆ ቢመለስም አርእስቱን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ሕመምተኛዋን አይቷት የማያውቅ። «በሽታ አዛማች» የሚል ቃል በጉልህ ፊደል የሚገባው በዚያ በኩል ስለ ሆነ፥ ጸሐፊው ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አርእስቱንና ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን ቃል ልይ ብሎ ይጠይቅ።