መንጋጋችን «ቋ» ሲል፡ የጥርስ ሕመም ነው ወይስ የመገጣጠሚያ?

ጥርስ ሲያም ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ማስነቀል ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ተነቅሎም ሕመሙ እዚያው የሚቀርበት ሰው አለ። ለምን ቢባል፣ ሕመሙ መጀመሪያውኑ የመጣው ከጥርስ ሳይሆን ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ሊሆን ስለሚችል ነው። የተነቀለ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነጥቦችን ማቅረብ ነው።

መገጣጠሚያው የት ነው ያለው? እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ወደ ፊትም ይንሸራተታል። በአጥንቶቹ መካከል ቀጭን ዲስክ አለ። «ቋ» የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ይህ ዲስክ ከቦታው ሸርተት ሲል ነው።

ጄምስ ኮስተን የተባለ አሜሪካዊ የአንገት በላይ ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. የጆሮ ሕመምን ከዚህ መገጣጠሚያ ጋር አያይዞ ጽፎ ነበር። እሱ ጥፋቱን የሰጠው ለጥርስ መጉደል ነው። ዛሬ ግን መንስኤው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል፤ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨት፣ ምት፣ የመገጣጠሚያ ብግነትና ጭንቀት ይጠቀሳሉ። ማስቲካም ሆነ ጫት ለሰዓታት ማኘክ ጡንቻውን ያደክማል።

ምልክቶቹስ? ሲያኝኩና ሲያዛጉ ከጆሮ ፊት ማመም፣ ጠዋት መንጋጋ መዛል፣ ራስ ምታት፣ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ማለት ናቸው። የራሳችሁን ሦስት ጣቶች ደርባችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል ማስገባት ካቃታችሁ መታየት አለባችሁ። ሕመም የሌለው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለጥቂት ሳምንታት ቆሎና ጥብሱን ትቶ ሽሮና ገንፎ መብላት፣ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ መያዝ፣ ሲያዛጉ አገጭን በእጅ መደገፍ ይረዳል። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ሳይነካካ ይሁን፤ መንጋጋ የሚያርፈው እንደዚያ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ጥርስ ይነቀል ከተባላችሁም «የትኛው ነው የተጎዳው? ራጁ ምን ያሳያል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጊዜ የማይሰጡም አሉ። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ በጉልበት ሳይገፉ ሆስፒታል መሄድ ነው። ከቁስል በኋላ መንጋጋ አልላቀቅ ካለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊሆን ይችላል። ከደረት ተነስቶ ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ ያለበት ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

እንግዲህ ጉጠቱ ከመነሳቱ በፊት ከጆሮ ፊት ያለችውን ቦታ አስነክተን እናረጋግጥ።